ለእንግዳ የሚዋጥ መድኃኒት

አንድ ጥየቃ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ካነሰ በሽተኛው «ለወጉ ያህል ብቅ አለችብኝ» ብሎ ያዝናል፤ ከበለጠ ደግሞ የብርዱና የዝናቡ ወሬ ያልቅና የሆድ ወሬ ይጀመራል። የሆድ ወሬ የደም ግፊት ያነሳል። ሀሴት ኢዮስያስ ይህን ልክ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ ከሰዓት ይልቅ በጉልበቷ ታውቀዋለች፤ ሃያኛው ደቂቃ ላይ ጉልበቷ ራሱ ለመነሳት ይሰናዳል።

በ2093 ዓ.ም. ጥር ወር ላይም ሥራዋ እንደወትሮው ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ኮምቦልቻ ከሚገኘው የሾላ በር ማገገሚያ ትደርሳለች። ግራጫ ሹራቧን ታጠልቃለች፤ ሽቶ የለ፣ ጉትቻ የለ። ከመደርደሪያው ሁለት ብርቱካን ታነሳለች። ብርቱካኑ አይበላም። የታካሚ ምግብ በግራም የተለካ ስለሆነ ከቀትር በኋላ ተሰብስቦ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ባዶ እጁን የመጣ ጠያቂ በሽተኛን ቅር እንደሚያሰኝ በጥናት ስለተረጋገጠ ግን ብርቱካኑን ጨርሶ ማስቀረት አልተቻለም። በአንድ ብርቱካን ሃያ ሰው ተጠይቆ ድኗል እያሉ ጠያቂዎቹ ይቀልዳሉ።

የጠዋቷ የመጀመሪያ ታካሚ ሁለተኛ ፎቅ የተኙት እማማ ሔመን ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አዲስ ኩላሊት ከገባላቸው ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል።

«እግዜር ይማርዎት፣ እማማ። እንዴት አደሩ?»

«ተመስገን፣ ደህና። አንቺስ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ?»

«ምንም አይል። በሉ ይቺን ይዋጡልኝማ።»

«ኧረ አስቸገርኩሽ፣ ልጄ» ይላሉ እማማ ሔመን፤ አምስቱንም ክኒን አንድ በአንድ ይውጣሉ። ፊታቸው እንኳ አይጨማደድም። ቢመርስ! እንግዳ ፊት መድኃኒት ይተፋል እንዴ ሰው?

እምቢ ያለ ካለ «በሞቴ» ማለት ይፈቀዳል፤ ለአንድ ታካሚ ግን በሳምንት አንዴ ብቻ። ከዚያ ካለፈ ኃይሉ በግማሽ እንደሚቀንስ ተለክቷል።

ነገሩ የተጀመረው ሀሴት ገና ልጅ ሳለች ነው። ሊቃውንቱ በሽተኛ መድኃኒቱን ለምን አቋርጦ እንደሚተው ሲያጠኑ ስንት ዘመን ከረሙ። መንገዱ ርቆት ነው አሉ፤ አልገባውም አሉ፤ ጠበል አስቀድሞ ነው አሉ። ኋላ ግን አንድ ነገር ታዘቡ። መጠይቅ የያዘች የማያውቃት መረጃ ሰብሳቢ በምትመጣበት ቀን በሽተኛው መድኃኒቱን ውጦ፣ ምግቡን በልቶ፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ ይገኛል። እሷ በማትመጣበት ቀን ሚስቱን ይቆጣል፣ ሳህን ይገፋል፣ ክኒኑን ፍራሽ ሥር ይወሽቃል። ለእናቱ እምቢ ያለውን ለማያውቀው ሰው እሺ ይላል። የሌላ አገር ሰው ይህን ቢሰማ ይገርመው ይሆናል፤ እኛን ግን ያሳፈረን ቀድመን አለማሰባችን ነው። ከዚያ ወዲያ ይሉኝታ እንደ ማንኛውም መድኃኒት መጠኑ ተወስኖ ይታዘዝ ጀመር፤ ጥየቃም ከዘመድ እጅ ወጥቶ ሙያ ሆነ። ከማገገሚያ በእግሩ ቆሞ የሚወጣው ሰው ከመቶ ስድሳ አንድ የነበረው ሰማንያ ዘጠኝ ደረሰ። ይህ ውሸት አይደለም። ሀሴት በዓይኗ ያየችው ነው፤ በዚህም ትኮራ ነበር።

ዘመድ ጨርሶ አልተረሳም። ለሙከራ ሦስት ጊዜ እንዲጠይቅ ይደረጋል። በወጣ ቁጥር አልጋው የበሽተኛውን የልብ ምት፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለክቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ከዜሮ በላይ ያመጣ በሳምንት ሁለቴ መምጣት ይችላል። ከዜሮ በታች ያመጣ በሽተኛው እስኪወጣ ድረስ «እፎይታ» ላይ ይሆናል። ክልከላ የሚል ቃል የትም አልተጻፈም። በር አይቆለፍም፤ ዘበኛ አይቆምም። ሰዉ ራሱ ይቀራል። የገዛ ወገንህን ልትጎዳው ትችላለህ የሚል መልእክት ደርሶት ደረጃ የሚወጣ ማን አለ?

አባቷ አቶ ኢዮስያስ በጥምቀት ማግስት በልብ ድካም ገቡ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት የአዋሽ ኮምቦልቻን ባቡር የነዱ፣ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። አራተኛ ፎቅ ተኙ። ሀሴት እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ልጃቸው ሦስቱን ጥየቃ ጠየቀች።

በመጀመሪያው ቀን ሾርባው አናደዳቸው። «ይኼ ሾርባ ነው ወይስ የእጅ እጣቢ? ጨው የሚባል ነገር ከዚህ አገር ጠፋ?» ብለው ሳህኑን ገፉት። ሀሴት ለመነች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻም ሁለቱም ተኮራርፈው ግድግዳ ግድግዳ አዩ። በሁለተኛው ቀን ስለ እናቷ አነሱባት። ጣሪያውን እያዩ «እሷ እንዲህ አርጋ አላስቸገረችሽም ነበር፣ አይደል?» አሉና እንባቸው በጆሯቸው ላይ ወረደ፤ እሷም አብራ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ክኒኑን ምላሳቸው ሥር ደብቀው ቆዩና ልትነሳ ስትል መዳፏ ላይ ተፉት።

«አባባ! ሕፃን ነህ እንዴ?»

«ይመራል። ላንቺ ስል ሬት ልዋጥ? ውሰጂልኝ ከፊቴ!»

በማግስቱ መልእክቱ ደረሳት። አማካይ ነጥቧ ከዜሮ በታች አሥራ አራት ነበር። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ታካሚው ስለ እፎይታው ተጠይቀው ‹አትልፋ፣ ሥራ አላት› በማለት ተስማምተዋል።»

ሀሴት ይህን መስመር ደጋግማ አነበበችው። በዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ የአንድ ጊዜ እምቢታ እምቢታ እንዳልሆነ ያውቃል። እንግዳ «በልቻለሁ» ሲል ማን እጁን ሳያስታጥብ ይተወዋል? ሁለቴ ሦስቴ ካልለመኑት ራሱ ይቀየማል። ቅጹ ግን የሚጠይቀው አንዴ ነው። አባቷ ደግሞ በሕይወታቸው አንድም ነገር በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ብለው አያውቁም። በደህናው ጊዜ ጉንፋን ሲይዛቸው ደውለው «እንዳትመጪ፣ ደህና ነኝ» ይሏታል፤ ስትሄድ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ነው የምታገኛቸው። ይህን ሁሉ ታውቃለች። እያወቀች ቀረች።

ፍርሃት ነበረባት፤ ይህ አይካድም። ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ ቁጥሩም አንጀቷን አቁስሏታል። በሌላ ሰው አባት ፊት ስትቀመጥ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት የምታመጣ የአንደኛ ደረጃ ጠያቂ ናት። በገዛ አባቷ ፊት ከዜሮ በታች አሥራ አራት! የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የተባለው በእሷ ደረሰ።

የጠያቂዎቹ ኃላፊ ሲስተር ኤልዳና ቢሮዋ ጠርታ አጽናናቻት። ክፉ ሴት አይደለችም።

«ሀሴትዬ፣ ቁጥሩ ስድብ አይደለም። ስለሚወዱሽ ነው እንዲህ የሆነው። የሚወዱት ሰው ሲመጣ ልብ ሥራ ይበዛባታል። የሳቸው ልብ ደግሞ አሁን ማረፍ አለባት።»

«ስንት ቀን ነው?»

«መቶ ቀን። በየቀኑ ጠያቂ መድበንላቸዋል፤ ናሆምን። ያውም ያንቺ ተማሪ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ስለ እኔ ከጠየቁት…» ብላ ጀመረችና ተወችው። መልሱን ለአዳዲስ ጠያቂዎች የምታስተምረው እሷው ናት። ታካሚው እፎይታ ላይ ስላለ ዘመዱ ከጠየቀ «ሰላም ብላዎታለች፤ ሥራ በዝቶባት ነው፤ ሰሞኑን እመጣለሁ ብላለች» ይባላል። ስለ እፎይታው አይነገርም፤ ያስቆጣል። ሀሴት ይህን ቃል ስንት አባትና ስንት እናት ፊት እንዳለችው ቁጥሩን አታውቀውም። አሁን ሁለት ፎቅ ከበላይዋ ለአባቷ እንደሚባል ግን ሰዓቱን ሳይቀር ታውቃለች፤ አራት ሰዓት ተኩል ላይ።

የካቲት እንዲህ አለፈ። ናሆም የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው፤ ቀድሞ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ሲያዳምጥ ራሱን ዘንበል የሚያደርግ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አባትሽ ሰው ናቸው!» አላት። «አንዴ አዋሽ ማዶ ለግመል መንጋ ባቡሩን ሁለት ሰዓት አቁመው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ከግመሎቹ ጋር ፎቶ ተነሳ አሉ። እንዴት አሳቁኝ!»

ሀሴት ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። አርባ ሦስት ዓመት ልጃቸው ሆና ከእሳቸው የሰማችው ስለ ጨው፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ጉልበታቸው ነው። ቀናች። በዚህ ዕድሜዋ፣ በገዛ ተማሪዋ ላይ፣ በግልጽ ቀናች።

«ስለ እኔ ይጠይቃሉ?»

ናሆም ሹካውን አስቀመጠ። «መጀመሪያ በየቀኑ ይጠይቁኝ ነበር።»

«ነበር?»

«አሁን ቀንሰዋል። አሁን አሁንማ በሳምንት አንዴ ቢሆን ነው። ጥሩ ምልክት ነው እንግዲህ።»

መጠየቅ ሲያቆሙ ጥሩ ምልክት ነው ብላ ያስተማረችው እሷ ናት። ሰሌዳ ላይ ጽፋዋለች። ናሆም ፊቷን አይቶ ደነገጠ፤ ሹካውን አንስቶ ምግቡ ላይ አቀረቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ሔመን ክፍል ስትገባ ነገሩ ሁሉ ይከብዳት ጀመር። እማማም አንድ ልጅ አላቸው፤ ከደሴ እየተመላለሰ ሦስቴ ጠይቆ ከዜሮ በታች ያመጣ። ስለ እሱ በጠየቋት ቁጥር «ሰላም ብሎዎታል፤ ሥራ በዝቶበት ነው» ብላ መልሳለች። መጋቢት መግቢያ ላይ እንዲህ አሏት፦

«ልጄ ሲመጣ የምነግረው ብዙ ነገር አለኝ።»

«ለእኔ ይንገሩኛ፣ እማማ።»

«አይ፣ አንቺማ የሰው ልጅ ነሽ» አሉ እጇን መታ መታ እያደረጉ። «ሊጠይቅ የመጣ ሰው ላይ ማማረር ነውር አይደል? ደክሞሽ መጥተሽ ደግሞ እኔ ልጨምርብሽ?»

ሀሴት ሃያ ሁለት ደቂቃዋን ጨርሳ ወጣች። የዚያን ቀን ነጥቧ ሠላሳ ነበር።

እማማ ሔመን ከአምስት ቀን በኋላ ሐሙስ ጠዋት ሞቱ። ኩላሊቱ አልነበረም፤ ኩላሊቱማ እንደ ልጃገረድ ኩላሊት ይሠራ ነበር። ጨጓራቸው ቆስሎ፣ ቁስሉ ተበስቶ ነው። አልጋው የልብ ምት ይለካል፣ እንቅልፍ ይለካል፤ ሆድ ሲቆርጥ ግን ከሰው አፍ ነው የሚሰማው፤ እማማ ደግሞ ለአሥር ቀን «ደህና ነኝ» ብለዋል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። መዝገቡ «ያልተገለጸ ሕመም» ብሎ ዘጋው። በዓመት ከመቶ ታካሚ ሁለቱ በዚህ ምክንያት ቢሞቱ የተጠበቀ ነው።

ልጃቸው አስከሬን ሊወስድ መጣ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ሀሴትን በግራጫ ሹራቧ ከኮሪደሩ ጫፍ ለይቶ መጣ።

«አንቺ ነሽ የእናቴ ጠያቂ?»

«እኔ ነኝ። እግዜር ያጥናህ።»

«ምን ትል ነበር?»

«ደህና ነኝ ነበር የሚሉት። ሁልጊዜ ደህና ነኝ።»

ሰውየው ትክ ብሎ አያት። «እናቴ? የኔ እናት ደህና ነኝ አለች? ጠዋት በጉልበቷ ጀምራ ማታ በጥርሷ የምትጨርስ ሴት! አንድ ቀን ካላማረረች እኮ እኛ ሐኪም እንጠራ ነበር።» ፊቱን አዞረ።

ሀሴት ብርቱካኗን እንደያዘች ወደ ደረጃው ሄደች። አሳንሰሩን አልጠበቀችም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሿ ተቆራረጠ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የአባቷ ክፍል የመስታወት በር ፊት ቆመች። ማንም አላስቆማትም። ኮሪደሩ ላይ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ እሷም «ደህና አደርሽ» ብላ አለፈች።

አቶ ኢዮስያስ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ጢማቸውን ተላጭተዋል። ጉንጫቸው ሞላ ብሏል፤ ጥር ላይ የነበረው አመድማ መልክ ጠፍቷል። ናሆም ወንበሩ ላይ ሆኖ ክኒኑን ሲያቀብላቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑና ዋጡ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሁለቱም ሳቁ። ግድግዳው ላይ ያለው የጤንነታቸው መስመር አረንጓዴ ነው፤ ከመቶ ሰማንያ ሦስት ይላል።

እጇን በሩ እጀታ ላይ አደረገች። እጀታው ዞረ።

ብትገባ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ይቆጣሉ፤ ከዚያ ያለቅሳሉ፤ ሾርባውን፣ ፍራሹን፣ የእናቷን ሞትና የእሷን መቅረት ሁሉ አንድ ላይ ያወጡባታል። ልባቸው ትመታለች። ሰማንያ ሦስቱ ወርዶ ሰባ ይሆናል፣ ስድሳ ይሆናል። እሷን አይተው ቢሞቱስ? ሳያዩአት ቢኖሩ አይሻልም? ደግሞ በሆዷ ሌላ ሐሳብ ነበር፤ ከሁሉም የምታፍርበት። እንዲህ ሲስቁ፣ እንዲህ ደህና ሲሆኑ፣ ምናልባት አላስፈልጋቸው ይሆናል የሚል ኩርፊያ። ኩርፊያው ፍርሃቱን መከረው፤ ፍርሃቱ ደግሞ ለኩርፊያው ቁጥር ጠቀሰለት። እጀታውን በቀስታ መለሰችው። በዚያው ደረጃ ወረደች፤ አራት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሌላ ታካሚ ነበራት።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ መቶው ቀን ሞላ። አቶ ኢዮስያስ በእግራቸው፣ ያለ ምርኩዝ ወጡ። ናሆም ሻንጣቸውን ይዞላቸዋል። ሀሴት አዳራሹ ውስጥ ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ ሽቶ ተቀብታ ጠበቀቻቸው። ሦስት ጊዜ ጉንጯን ሳሟት።

«እንዴት ከረምሽ?» አሏት። «ሥራ እንዴት ነው? በዝቶብሽ ከርሟል ብለውኛል።»

«አባባ…»

«አብሽሪ፣ ምንም አይደል። ሰው እንጀራው ላይ መሆን አለበት።»

ከባቡር ጣቢያው ማዶ ያለው ቤታቸው ሦስት ወር ተዘግቶ ስለነበር አቧራ ለብሷል። ሀሴት ጠርጋ፣ መስኮት ከፍታ፣ በሐኪሙ ትእዛዝ ጨው የሌለው የአትክልት ሾርባ ሠራች። ሳህኑን ስታቀርብ ትከሻዋን ሰብስባ የሚመጣውን ጠበቀች። አቶ ኢዮስያስ እስከ መጨረሻው ማንኪያ ጠጡት።

«ግሩም ነው። እጅሽ ይባረክ።»

ያን ጊዜ ማንኪያውን አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሦስቱን ጥየቃ፣ ነጥቡን፣ እፎይታውን፣ ናሆም የሚላቸው ነገር ከየት እንደመጣ፣ እሷም ለሌላው ሰው እንዲሁ ስትል እንደኖረች። ያስቀረችው እስከ በሩ መጥታ መመለሷን ብቻ ነበር። አባቷ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣምረው ሰሙ።

«አትልፋ ብለሃል አሉኝ» አለች በመጨረሻ።

«ብያለሁ።»

«እኔም…»

«ሀሱ፣ መቼ ነው እኔ አትምጪ ስልሽ ቀርተሽ የምታውቂው?»

ሀሴት ባዶውን ሳህን ወደ ራሷ ሳበች።

«በየጠዋቱ ስላጭ ማን ይመጣል ብዬ ነበር መሰለሽ? እንደዚያ ያለው ደግ ሰው ይቅር ይበለኝና ለናሆም?» ቁጣ የለባቸውም፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስላሉ። «በሩ ተቆልፎ ነበር?»

ሀሴት መዋሸት ትችል ነበር። ሙያዋ ነው። «አልተቆለፈም» አለች። «አንድ ቀን እስከ በሩ መጥቻለሁ። አይቼህ ተመለስኩ። ልብህን ፈርቼ።»

አቶ ኢዮስያስ በመስኮቱ ወደ ሐዲዱ አዩ። የሰባት ሰዓቱ ዕቃ ጫኝ ባቡር ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ።

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «ይኸው ዳንኩ አይደል?»

ሀሴት እንዲህ ከሚሏት ሳህን ቢወረውሩባት በወደደች።

ግንቦት ላይ ሥራዋን ለቀቀች። ሲስተር ኤልዳና እጇን ይዛ ለመነቻት፤ ሌሎቹ ታካሚዎች ምን ይበሉሽ አለቻት። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ዕቃዋን ጠቅልላ አባቷ ቤት ገባች። ጠዋት ከመነሳቷ በፊት ተነስተው አልጋቸውን አንጥፈው ታገኛቸዋለች። ገና ድምጿን ሲሰሙ ቀና ብለው ይቀመጣሉ፤ እንዴት አደርሽ፣ ብርዱ እንዴት አደረገሽ ይሏታል። መድኃኒቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ይውጣሉ። በወሩ መጨረሻ ማገገሚያው አባቷ ክንድ ላይ ካሰረው መለኪያ ያነበበውን የክትትል ውጤት ላከላት። በቤት ውስጥ ነጥቧ ከዜሮ በላይ ሠላሳ አንድ ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ አምጥታው የማታውቀው ነጥብ። ሲስተር ኤልዳና ከሥሩ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ብያለሁ እኮ!» ብላ ጽፋበታለች። ሀሴት ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች።

ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ ክኒኑን አቀበለቻቸው።

«አባባ፣ ይመራል?»

«ኧረ ምንም አይል።»

«ይመራል እኮ። እኔ ቀምሼዋለሁ። ሬት ነው።»

«መድኃኒት አይደል፣ ልጄ።»

እግራቸው ሥር ተንበረከከች። «አባባ፣ በሞቴ። አንዴ ብቻ ተቆጣኝ። ሾርባው እጣቢ ነው በለኝ። አልውጥም በልና ትፋብኝ። እንዴት ሦስት ወር ሙሉ ትተይኛለሽ ብለህ ጩህብኝ። ሦስቴ ልለምንህ፣ አሥሬ ልለምንህ?»

አቶ ኢዮስያስ ግራ ገባቸው። ሊያነሷት ጎንበስ አሉ፤ እጃቸው ጠንካራ ነበር፤ ልባቸውም፣ ትንፋሻቸውም ደህና ነበር።

«ምን በወጣሽ፣ ምን አድርገሽ ልቆጣሽ?» አሏት። «እንዲህ ደፋ ቀና እያልሽልኝ። ተነሺ፣ ወለሉ ይበርድሻል። እግዜር ይስጥልኝ።»

አቶ ኢዮስያስ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። በልብ ድካም ገብተው ከወጡት መካከል እንደ እሳቸው የቆየ ጥቂት ነው፤ በማገገሚያው ጥናት ውስጥ በጥሩ ምሳሌነት ተመዝግበዋል። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ልጃቸው ላይ አንድም ቀን አላማረሩም።